የክበባት ዘገባ፦ የድምፅ ቴክኒክ ክበብ

«ማብሪያና ማጥፊያ ለመጫን ክበብ ያስፈልጋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሳይቀር ይነሳል። አዎ፣ ያስፈልጋል። አምልኮው አብቅቶ ሰው ከጸሎት ቤታችን ሲወጣ የልጆቻችን ዋናው ሥራ ገና ይጀምራል።

ስብሰባዎቻችን በወጉ ተካሂደዋል፣ ተረኞች ተመድበዋል፣ ቃለ ጉባኤውም ተይዟል።

መዝጊያው ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ በሚክሰሩ (ድምፆቹን በሚያደባልቀው ሰሌዳ) ላይ ያለው ዋናው ፌደር፣ ማለትም የድምፅ መጠን ተንሸራታቹ፣ ይወርዳል፤ የቻናሎቹም (የየድምፁ መግቢያ መስመሮች) ድምፅ ሁሉ ይዘጋል። ቀጥሎ ድምፁን አጉልተው ለስፒከሮቹ የሚሰጡት አምፕሊፋየሮቹ ይጠፋሉ። በካፓሲተሮቻቸው (ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙት ክፍሎች) የቀረው ኃይል እስኪወርድ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠበቅና ሚክሰሩ ይጠፋል። ሲበራ ግልባጩ ነው፤ አምፕሊፋየር መጨረሻ ይበራል፣ መጀመሪያ ይጠፋል። ሚክሰሩ ሲጠፋ የሚለቀውን ድንገተኛ ምት የበራ አምፕሊፋየር ካገኘው አጉልቶ ወደ ስፒከሩ ይልከዋል። ቶሎ የሚጎዳው የትዊተሩ (በስፒከሩ ውስጥ ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ቀጭን ሽቦ ነው። ዘንድሮ አንድ ትዊተር የተቃጠለብን የክበቡ አባል ያልሆነ ሰው ሁሉም በርቶ ሳለ የግድግዳውን ማጥፊያ ስለዘጋ ነው፤ እስካሁን አልተተካም።

የመዘምራኑ ኮንደንሰር ማይኮች ከመነቀላቸው በፊት ከሚክሰሩ በኬብሉ የሚላክላቸው 48 ቮልት ኃይል (ፋንተም ፓወር) ይጠፋል። ከገመድ አልባ ማይኮች ባትሪ ይወጣል፤ አልካላይን ባትሪ ውስጡ ከከረመ ፈሳሹ ወጥቶ የመነካኪያውን ብረት ይበላል። ኬብል በክንድ ላይ መጠቅለል በክበባችን ክልክል ነው። አንዱ ዙር ወደ ውጭ፣ ቀጣዩ ወደ ውስጥ እየተገለበጠ ይጠቀለላል፤ አለዚያ የውስጡ ሽቦ እየተጠማዘዘ ይበጠሳል፤ ከዚያም በስብከት መሀል ድምፁ ይቆራረጣል። የተጠረጠረ ኬብል በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይፈተሻል፦ በሁለቱ ጫፎች ያሉት የመሰኪያ እሾሆች፣ ፒን 1 ከፒን 1፣ 2 ከ2፣ 3 ከ3 መገናኘት፣ እርስ በርስ ግን አለመነካካት አለባቸው።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚጠና አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አሳይታናለች። በመዝሙር መሀል መብራት ጠፋ። ሰው ስልኩን ሲያበራ እርሷ በዳበሳ አምፕሊፋየሮቹ ጋ ደርሳ ማብሪያዎቻቸውን አንድ በአንድ ዘጋች፤ ሚክሰሩንም አስከተለች። ማንም አላዘዛትም። መብራት ሲመለስ ከስፒከሮቹ አንዳች ጓታ አልተሰማም። ኃይሉ እስኪረጋ ጠበቀች፤ ሚክሰሩን አበራች፣ ፌደሮቹ መውረዳቸውን አየች፣ አምፕሊፋየሮቹን መጨረሻ ላይ። መዝሙሩ ካቆመበት ቀጠለ። ይህች ልጅ ክበቡን ስትቀላቀል የማይክ ኬብልን ከስፒከር ኬብል አትለይም ነበር። እጅግ ኮርቼባታለሁ።

ሆኖም ንብረት በልጆች ንቃት ብቻ አይጠበቅም። ለሌሎች ክበባት ማልያ የሚገዛው በጀት ለእኛም ቢደርሰን ደግ ነበር። የጠየቅነው መሣሪያዎቹን በተራ የሚያበራና የሚያጠፋ አንድ ፓወር ሲኩዌንሰር፣ አንድ የኬብል መፈተሻ፣ ዳግም የሚሞሉ ባትሪዎች ከነቻርጀራቸው፣ እንዲሁም ለተቃጠለው ትዊተር ምትክ ነው። ዝርዝሩ ለወላጅ መምህር ኅብረት ቀርቧል፤ ምላሹን ከአዲሱ ዓመት ምዝገባ በፊት እንጠብቃለን።