ለልጁ ስም አታውጪለት

ሆዴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እንኳን ለናቲ ሰባተኛ ዓመት አደረሳችሁ። እደግ፣ ተመንደግ በይልኝ።

እህትሽ የነገረችኝ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ሒሳብ ስታስጠኚው «ደደብ» አልሽው አሉ፣ ያውም ሰው ፊት። ተይ ልጄ። ተቆጪው፣ ደግመሽ አሠሪው፤ ስም ግን አታውጪለት። «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» ሲባል ስህተቱን ያርማል። «ደደብ ነህ» ሲባል ምኑን ያርም? መሞከሩን ይተዋል፤ ሳይሞክር አይችልም፤ አለመቻሉን ሲያይ የወጣለት ስም እውነት ይመስለዋል።

አንቺስ? አሞራ ገደል ሠፈር ሳለን ሲኒ ብትሰብሪ አጎትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «እጀ ሰባራ» አለሽ። ይኸው የልጅ እናት ሆነሽም እንግዳ ባለበት ሲኒ የምታዞረው ሌላ ናት። ትሪውን ስታነሺ ዓይንሽ ከሲኒው ወደ ሰው ፊት፣ ከሰው ፊት ወደ ሲኒው ይመላለሳል፤ ያኔ ነው እጅሽ የሚንቀጠቀጠው። ባንክ ቤት ቀኑን ሙሉ ብር ስትቆጥሪ ተንቀጥቅጦ ያውቃል?

«አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» እያልሽ ልካሰው ብትዪም አይሆንም። በ1998 እ.ኤ.አ. ሙለርና ድዌክ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በጭንቅላታቸው የተመሰገኑት የአምስተኛ ክፍል ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው ቶሎ ታከቱ፤ በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ገፉበት። ጎበዝም ስም ነው፣ አታውጪለት።

ማታ ማታ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። በሚያውቃቸው ሁለት ጥያቄዎች ጀምሪ፣ አንድ ከበድ ያለ አስከትዪ፣ በሚችለው ጨርሺ። 28 ሲደመር 15ን 33 ካለሽ የያዘውን አንድ ረስቶ ነው፤ መልሱን ሳትነግሪው «አንዱን የት አደረስከው?» በዪው። ሲያገኘው «ተመልሰህ ፈለግከው» በዪው፣ ይበቃል።

ስለ ስድቡ ዛሬውኑ ቁጭ ብለሽ፣ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ፣ እህትሽም እየሰማች «ደደብ ያልኩህ ልክ አልነበረም» በዪው። «አንተም እኮ...» የምትል ከጨመርሽ ይቅርታው ተበላሸ፤ ጥፋቱን መልሰሽ እሱ ላይ ጫንሽው።

ቡላ ነገ ጠዋት በሚነሳው መኪና እልካለሁ፤ መነኸሪያ ሳያድር አንሺው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደውዪና ናቲን አገናኚኝ። ሒሳቡን አላነሳበትም።

እናትሽ
ከሐዋሳ