የጡት ካንሰር የቴክኖሎጂ ውድድር የምታዘጋጁ ድርጅቶች፣ ጥያቄውን ከሆስፒታል ውሰዱ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ የምሠራ ነርስ ነኝ። የምጽፈው ኩባንያዎች ስፖንሰር እያደረጉ ስለሚያዘጋጁት የጡት ካንሰር የቴክኖሎጂ ውድድር ነው። ልቃወም አይደለም፣ እንዲያውም ይብዛልን ባይ ነኝ። ግን አንድ ነገር ካልተስተካከለ ያ ሁሉ ገንዘብና የልጆቹ ድካም እኛ ጋ የምትመጣዋ ሴት ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ።

ባለፈው እዚሁ ከተማችን አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የተማሪዎች ውድድር ነበርና ተጋብዤ ሄድኩ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ እውነቴን ነው። እንቅልፍ አጥተው እንደሠሩት ያስታውቃል፣ ሲጠየቁም አይርበተበቱም። ካቀረቡት አብዛኛው ግን አንድ ዓይነት ነበር። የማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ምስል ተቀብሎ «ካንሰር አለ» ወይም «የለም» የሚል ፕሮግራም። ምስሎቹን ከየት አመጣችኋቸው ብዬ አንዷን ጠየቅኳት። «ከኢንተርኔት ነው ሲስተር፣ የውጭ ሀገር ሴቶች ናቸው» አለችኝ። ታማሚ አግኝታችሁ አነጋግራችሁ ታውቃላችሁ ወይ ስላት ዝም አለች። እሷ ምን ታድርግ? ማን አገናኛት?

እኛ ጋ የሚመጡት ሴቶች አብዛኞቹ እብጠቱን ራሳቸው በእጃቸው ዳብሰው ያገኙት ናቸው። በየጊዜው ማሞግራፊ እየተነሳች የኖረች ሴት አላጋጠመችኝም። ብዙዎቹ ደግሞ ገና በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው። በዚህ ዕድሜ የጡት ሥጋ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራፊ እብጠቱን ሊስተው ይችላል፤ ሐኪሞች ለወጣት ሴት አልትራሳውንድ የሚያስቀድሙትም ለዚህ ነው። ዘግይተው ነው የሚመጡት። «ስለማያመኝ ተውኩት» ትላለች፣ መጀመሪያ ላይ እብጠቱ ብዙውን ጊዜ እንደማያም የነገራት የለም። ጸበሉም የባህል መድኃኒቱም ተሞክሮ፣ ነገ ዛሬ ሲባል ወራት ያልፋል።

የጡት ካንሰር በሀገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች በብዛት የመጀመሪያው ነው። በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች ታመዋል፣ ከ9 ሺህ በላይ ሞተዋል።

ግን ከመጣች በኋላ ያለውን ልንገራችሁ፣ ስለዚህ ብዙ ሲወራ አልሰማምና። ከእብጠቱ ናሙና ይወሰድና ፎርማሊን (ናሙናው እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ናሙናውን መርምሮ ካንሰር መሆን አለመሆኑን የሚለየው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ ዘንድ ማን ያደርሰዋል? ብዙ ጊዜ ወንድሟ ወይ ባሏ ነው። ክዳኑ በፕላስተር ተደጋግሞ የታሸገ ብልቃጥ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ወደ መናኸሪያ የሚወጣ ወንድም አይቻለሁ። «ሲስተር፣ እንዳይፈስብኝ ፈርቼ ነው» አለኝ። አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ በፈጣን መንገዱ ቶሎ ይደረሳል። መከራው የሚጀምረው ካስረከበ በኋላ ነው። በዚህ ቀን ተመለስ ይባላል፣ ይመለሳል፣ አልደረሰም ይባላል። ሥራውን ትቶ፣ ትራንስፖርት ከፍሎ፣ እንደገና ይሄዳል። በእስክሪብቶ የተጻፈው ስም ፎርማሊን ነክቶት ሲለቅም አይቻለሁ። ፎርማሊኑ ካነሰ ወይም ናሙናው በአግባቡ ካልተያዘ ደግሞ ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየው የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ሊበላሽ ይችላል፤ ታሞክሲፈን የሚባለው ኪኒን ይጠቅማት አይጠቅማት የሚነግረን ያ ምርመራ ነው። እሷ ይህን ሁሉ ጊዜ ቤቷ ቁጭ ብላ ስልኳን ታያለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባስጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ ሀገሮች ሦስት ነገር እንዲያሳኩ ጠይቋል። ከታማሚዎቹ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሽታው ሳይገፋ እንዲታወቅላቸው፣ አንዲት ሴት ጤና ተቋም ከደረሰች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ፣ 80 በመቶ ያህሉ ደግሞ ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ። እነዚያ 60 ቀናት እኛ ዘንድ የሚያልቁት በዚያች ብልቃጥ ጉዞ ላይ ነው።

ታዲያ ለምንድነው የውድድሩ ጥያቄ «ናሙናው አሁን የት ደረሰ?» የማይሆነው? ብልቃጡ ላይ የማይለቅ ኮድ ያለው ስቲከር ይለጠፍ። ላብራቶሪው ሲረከብ ይመዝገብ፣ ውጤቱ ሲጻፍ ለነርሷም ለታማሚዋም «ውጤትሽ ደርሷል፣ ነይ» የሚል መልእክት ይሂድ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ በተራ ቁልፍ ስልክ ላይ። ባንክ ሃምሳ ብር ሲገባልን ወዲያው ቴክስት ይልክልናል፣ ይሄ እንዴት ያቅተናል? ታሞክሲፈን የሚታዘዝላት ሴትም ብዙውን ጊዜ ለ5 ዓመት በየቀኑ መዋጥ አለባት። ኪኒኑን ልትወስድ ሳትመጣ ስትቀር የሚያስታውሰን ነገር የለንም፣ በመዝገብ ደብተር ነው የምንከታተለው። ይህም ለልጆቹ የሚሆን ሥራ ነው።

የምስል ፕሮግራም አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ጎግል ሳይንስ ፌር የሚባለውን የወጣቶች የሳይንስ ውድድር ያሸነፈችው አሜሪካዊቷ ብሪታኒ ዌንገር ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። የሠራችው በቀጭን መርፌ ከጡት ከሚወሰድ ናሙና የተገኘ መረጃ እያየ ካንሰር መሆን አለመሆኑን የሚለይ ፕሮግራም ነው፣ የመርፌ ምርመራ ደግሞ እኛም ሀገር የሚሠራ ነው። ከዚያ በኋላ ዲጂታል ማሞግራፊ ድሪም ቻሌንጅ የሚባል ትልቅ ውድድር ነበር፣ አይቢኤምና አማዞን በኮምፒውተር አቅም የደገፉት። ከ44 ሀገሮች 126 ቡድኖች ምስል ለማንበብ ተወዳደሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ጥናት እንደተገለጸው አንዱም ፕሮግራም ለብቻው የራዲዮሎጂ ሐኪሞቹን አልበለጠም፤ የተሻለ ውጤት የመጣው ምርጦቹ ፕሮግራሞች ተጣምረው ከሐኪሞቹ ንባብ ጋር ሲደመሩ ነው። የሠለጠኑበትም የተፈተኑበትም ምስል የአሜሪካና የስዊድን ሴቶች ነው። እዚያ ምስል ሞልቷል፣ የሚያነብ ሐኪምም አለ። እኛ ሀገር ምስሉም ሐኪሙም ጥቂት ነው፣ ስለዚህ የሌሎቹን ጥያቄ እንዳለ ብንገለብጠው የእኛን ችግር አይነካም።

አንዳንድ ሰው «ኩባንያዎቹ ለስማቸው ነው የሚያደርጉት» ይላል። እኔ ስማቸው ቢጠራ አይከፋኝም፣ አርማቸውንም በትልቁ ይስቀሉ። የምጠይቀው ስለ ገንዘቡ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብሬስት ካንሰር አክሽን የሚባል ማኅበር የጡት ካንሰር ምልክት የሆነውን ሮዝ ሪባን ለጥፈው ዕቃ የሚሸጡ ኩባንያዎችን ገንዘቡ የት ነው የሚሄደው ብሎ መጠየቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፣ እኛም ብንጠይቅ ነውር የለውም። ሽልማቱ በሙሉ በዚያው ቀን መድረክ ላይ ከሚሰጥ ግማሹ ይያዝ፣ ሥራው አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ለአንድ ዓመት ከሠራ በኋላ ይከፈል። በዚያ ዓመት ውስጥ ለኢንተርኔቱ፣ ለስቲከሩ፣ ለቴክስቱ፣ ለልጆቹ የቀን ወጪ ስፖንሰሩ ይክፈል። አለበለዚያ ልጆቹ ይመረቃሉ፣ ሥራ ፍለጋ ይሄዳሉ፣ ፕሮግራሙም ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል።

ዳኞቹም ይታሰብባቸው። እኔ በነበርኩበት አዳራሽ የባንክና የቴሌኮም ሰዎች ነበሩ፣ ጥሩ ጥሩ ጥያቄም ጠይቀዋል፣ ግን አንዲት የታመመች ሴት እንኳ አልነበረችም። ኬሞ ጨርሳ የዳነች እናት ብትቀመጥ «ይሄን እኔ በምን ስልኬ ላየው ነው?» ብላ ትጠይቅ ነበር። የታማሚ ምስልና መረጃ ሲሰበሰብም ፈቃዷ በሚገባት ቋንቋ ይጠየቅ፣ ስሟም ከመረጃው ላይ ይውጣ። ጡቷ ነው፣ ማንም ስልክ ላይ እንዲዞር አትፈልግም።

አዳማ ለዚህ ትመቻለች። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፣ የሕክምና ኮሌጅም አለን፣ ከአንዱ ወደ አንዱ በባጃጅ ይደረሳል። የሚቀጥለውን ውድድር የምታስቡ ድርጅቶች፣ ማስታወቂያውን ከማውጣታችሁ በፊት ተማሪዎቹን ለሁለት ሳምንት ወደየጤና ተቋሙ ላኩልን፣ ካርድ ክፍሉንም ላብራቶሪውንም ይዩ፣ ተራ ከሚጠብቁት እናቶች ጋርም ይቀመጡ። እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ከሥራ ሰዓት ውጭ ልናስረዳቸው ፈቃደኞች ነን። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ።

አንዲት ነርስ፣ ከአዳማ