ለወንድምዓለም፣ መሐል ሜዳ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተጠፋፋን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ ባለቤትህንና ልጆቹን፣ እማማንም ሰላም በልልኝ። ደብረ ብርሃን እንደምታውቃት ናት፤ ነፋሷም ብርዷም አልቀነሰም።

በመንገደኛው የላክኸው ቃል ደርሶኛል። ለልጅህ ከውጭ የመጣላት ጌምቦይ ላይ ያለው «ፖኬሞን ሚስተሪ ደንጀን ሬድ ረስኪው ቲም» መሆኑን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ በጣም የምወደው ጌም ነውና። አባትና ልጅ ማውንት ስቲል በሚባለው የጌሙ ተራራ ላይ እየወደቃችሁ መመለሳችሁን ሰምቼ ግን ዝም ልል አልቻልኩም።

መልኩ እንዳያታልላችሁ። ዋናው ፖኬሞን ሰው ሆነህ እንስሳቱን እየሰበሰብህ የምታፋልምበት ጌም ነው። ይህ ከእሱ የወጣ ቅርንጫፍ ነው፤ እዚህ አንተው ራስህ ፖኬሞን ሆነህ ትነሣለህ፣ ከጓደኛህም ጋር በየዋሻው የቀሩትን ታወጣለህ። የሠራው ቹንሶፍት የሚባል የጃፓን ድርጅት ነው። ይኸው ድርጅት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በ1993 «ድራጎን ኩዌስት» ከሚባለው ጌም ነጋዴውን ቶርኔኮን ወስዶ የመጀመሪያውን ሚስተሪ ደንጀን ሠርቶ ነበር፤ የዚያም ሥሩ በ1980 የወጣው «ሮግ» የሚባል ጌም ነው። ዋሻው በገባህ ቁጥር አዲስ ሆኖ የሚሠራው፣ የወደቀም ንብረቱን የሚያጣው ከዚያ በመጣ ልማድ ነው። ፖኬሞኑ በጃፓን የወጣው በ2005 ነው፤ ሬዱ ለጌምቦይ አድቫንስ፣ ብሉው ለኔንቴንዶ ዲኤስ፣ ታሪካቸው አንድ።

ዋናው ነገር ይኸውልህ፦ አንተ ካልተንቀሳቀስህ ጠላት አይንቀሳቀስም። አንድ እርምጃ አንድ ተራ ነው፣ አንድ ምትም አንድ ተራ ነው። እንደ ገበጣ ነው፤ ተራህ ሲደርስ የፈለግኸውን ያህል ብታስብ ማንም አይነካህም። ልጆች የሚወድቁት ቁልፉን እንደ ሩጫ ጌም ስለሚደበድቡት ነው። የፖኬሞናችሁ ደም (የሕይወቱ ነጥብ) ሲያንስባችሁ እጃችሁን ከቁልፉ ላይ አንሡና ቦርሳውን ከፍታችሁ ተመልከቱ።

ይህ የገባው ሰው የመጀመሪያውን ምት አይሰጥም። በአንተና በጠላት መካከል አንድ ባዶ ቦታ ካለ አንተ አትጠጋ፤ ከተጠጋህ ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው። ኤ እና ቢ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንና ተራህን አሳልፍ፤ ይጠጋል፣ አንተ ትቀድመዋለህ። ከሩቅ ከሆነ ደግሞ እስኪደርስ ድንጋይ ወርውርበት፤ ግራቨለሮክ የሚባለው በአየር ላይ ቀስት ሠርቶ ስለሚያርፍ ፊት ለፊት ባይሆንም ያገኘዋል። አር የሚባለውን ቁልፍ ይዘህ ስትራመድ በሰያፍ ብቻ ትሄዳለህ፤ ለማምለጥም ለመሰለፍም ትልቅ ነገር ነው። በማዕዘን ግድግዳ በኩል ግን በሰያፍ መምታት አይቻልም፤ አንተም እሱም።

ጠላቱ አንድ ከሆነ ክፍል ውስጥ ተዋጉት፣ ሁለታችሁም ትደርሱበታላችሁ። ብዙ ከሆኑ፣ በተለይ እግርህ ሲገባ ክፍሉን ሙሉ የሚሞላው «ሞንስተር ሀውስ» ከገጠመህ፣ ወደ መጣህበት ጠባብ መተላለፊያ ተመለስ። ክፍል መካከል ከቆምህ ስምንት ሆነው ይከቡሃል፤ መተላለፊያው ውስጥ በየተራ ነው የሚመጡት። ጉዳቱ ጓደኛህ ከኋላህ ስለሚሆን ከሩቅ የሚመታ ሙቭ (የፖኬሞኑ ልዩ ምት) ከሌለው ዝም ብሎ መቆሙ ነው። ያም ቢሆን ከመከበብ ይሻላል።

በኤ ቁልፍ ቀጥታ ምት ብቻ እየመታችሁ እንዳይሆን እፈራለሁ። በቀጥታ ምት ብቻ የሞተ ጠላት የሚሰጠው ልምድ ግማሽ ነው፤ ቢያንስ አንዴ በሙቭ ምቱት። አንዱን ሙቭ «ሴት» (Set፣ ዝግጁ ማለት ነው) ካደረጋችሁት ኤል ቁልፍን ይዞ ኤ ቁልፍን መጫን ይበቃል። ሌቭላችሁ ለማውንት ስቲል ዘግይቶ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው ብዬ አስባለሁ።

የማውንት ስቲልን ጉዳይ በዝርዝር ልንገርህ። ዘጠኝ ፎቅ ነው፣ ከላይ ስካርሞሪ ትጠብቃለች። ብረትም ወፍም ስለሆነች እሳትና ኤሌክትሪክ ይጎዷታል፤ ቡድናችሁ ውስጥ ፒካቹ ወይም ቻርማንደር ካለ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። በሣር ዓይነት ሙቭ ከመጣችሁ ግን ትደክማላችሁ፣ ስለዚህ በዕቃ ነው የምትበልጧት። ብላስት ሲድ የሚባለውን ፍሬ ወደ እሷ ዞራችሁ፣ አጠገቧ ቆማችሁ ብሉት፤ እሳቱ ወደ ፊት ይወጣል። ሳትወጡ በፊት የሥራ ሰሌዳው ላይ ያሉትን በቀላል ዋሻ የሚሠሩ የማዳን ሥራዎች ሥሩ፤ ለአንድ ዋሻ ብዙ ሥራ በአንዴ መያዝ ይቻላል፣ በአንድ ጉዞ ሁለት ሦስት ሰው ማዳን ማለት ነው። ታንደርዌቭ ኬቭ የሚባለው ዋሻ አምስት ፎቅ ብቻ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል።

ቦርሳው 20 ዕቃ ይይዛል። እኔ የማልለየው ሁለት ፖም፣ ሦስት ኦራን ቤሪ፣ ከተገኘ ሁለት ሪቫይቨር ሲድና አንድ ኤስኬፕ ኦርብ ነው። ኦራን ቤሪ 100 ደም ይመልሳል። ሪቫይቨር ሲድ ቦርሳ ውስጥ እስካለ ስትወድቅ በራሱ ያነሣሃል፣ ከዚያ ተራ ፍሬ ይሆናል። ኤስኬፕ ኦርቡ ንብረትህን ይዘህ ከዋሻው ያወጣሃል፤ ነገሩ ሲከፋ አትሳሳበት። በታሪኩ ጊዜ ጓደኛህም ቢወድቅ ጉዞው ያበቃልና የእሱንም ደም ተመልከት።

ሆድ (የጥጋቡ መጠን) ከ100 ይጀምራል፣ በግምት በየአሥር እርምጃው አንድ ይቀንሳል። ፖም 50 ይመልሳል። ዜሮ ሲገባ በየእርምጃው ደም ይሄዳል። ወደሚቀጥለው ፎቅ የሚያሻግረውን ደረጃ ካገኘህ በኋላ የቀረውን ክፍል ሁሉ ላስስ ብትል የሚበላህ ረሃቡ ነው፤ አንድ ፎቅ ላይ ብዙ ከቆየህ ደግሞ ነፋስ ይነሣል፣ ያስጠነቅቅሃል፣ ካልሰማህ ጠርጎ ያወጣሃል።

ከወደቅህ በእጅህ ያለው ገንዘብ በሙሉ፣ ከዕቃውም ብዙው ይሄዳል፤ ሌቭሉ ይቀራል። ስለዚህ ከመውጣትህ በፊት ገንዘቡን ፐርሺያን የምትባለዋ ፖኬሞን ባንክ፣ ትርፍ ዕቃውን ካንጋስካን የምትባለዋ መጋዘን አስቀምጥ። ዋሻ ውስጥ ኬክሊየን የሚባሉትን ነጋዴ ፖኬሞኖች ሱቅ ብታገኝ ከፍለህ ውሰድ፤ ሰርቆ የሚሮጥን ኬክሊየኖቹ አይምሩም። ለልጅቷ ይህን አደራ በልልኝ።

መሣሪያውን በተመለከተ፦ የሚታጠፈው ዓይነት ከሆነ ቻርጅ ይደረጋል፤ የማይታጠፈው የመጀመሪያው ዓይነት በሁለት ቀጭን ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። የመንዝ ብርድ ባትሪ ያደክማልና ማታ ከጋቢ ሥር አድርጉት። አረንጓዴው መብራት ቀይ ሲሆን ጊዜ የላችሁም። ዋሻ ውስጥ እያላችሁ ዝም ብላችሁ ካጠፋችሁት እንደ ወደቃችሁ ይቆጥረዋል፤ ለማቋረጥ ያለው ኩዊክሴቭ የሚባለው ምርጫ ነው። ሴቭ አድርጋችሁ፣ አጥፍታችሁ ስታበሩት ታሪኩ ከሌለ ካሴቱ ኮፒ ሳይሆን አይቀርም፤ ኮፒዎቹ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስታልቅ ሁሉን ይረሳሉ።

አንድ የቀረ አለ፣ የምወደውም እሱን ነው። በወደቃችሁበት ሰዓት ጌሙ እንዲታደጋችሁ ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ከጠየቀ እሺ በሉት፤ ተስፋ ቆርጣችሁ አትመለሱ። ረጅም የይለፍ ቃል ይሰጣችኋል፣ ሌላ ሰው ያን በራሱ ጌም አስገብቶ እስከወደቃችሁበት ፎቅ ይወርዳል። ሲሳካለት ሌላ ቃል ይመልስላችኋል፣ እዚያው ቦታ ንብረታችሁን ይዛችሁ ትነሣላችሁ። በአንድ ጉዞ እስከ 10 ጊዜ ይቻላል። የእኔም ሬድ በእጄ ነው። ቃሉን በወረቀት አትገልብጡት፤ አንድ ምልክት ከተሳሳተ አይቀበልም። ስክሪኑን በስልክ አጥርታችሁ አንሡና በቴሌግራም ላኩልኝ፤ መብራት ካለ በዚያው ማታ እወርዳለሁ።

ልጅቷን ሳምልኝ፤ ማን ሆና እንደምትጫወት፣ ጓደኛዋንም ማን ብላ እንደሰየመችው ጻፍልኝ።

ያንተው፣
ከደብረ ብርሃን