ፊልም ሲቋረጥ ለተመልካቹ እውነቱ ይነገረው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በደሴ ከተማ በተካሄደ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የአንዱን ምሽት መርሐ ግብር በመድረክ መሪነት አስተናግጄ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሻይ ቤቱ የምሰማው «መብራት ጠፍቶ ፊልሙ ተበላሸ» የሚል ወሬ ነው። ወሬውን መጀመሪያ ያስጀመርኩት እኔ ራሴ በመሆኔ፣ የሆነውን በትክክል ለመናገርና ወደ ወሎ ከተሞች ፊልም ይዘው ለሚመጡ አዘጋጆችም ጉዳዩን ለማሳሰብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በዚያ ምሽት መብራት አልጠፋም። ፊልሙ ከተጀመረ አርባ ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ስክሪኑ በድንገት ጨለመ። የአዳራሹ አምፖሎች ለፊልሙ ሲባል ቀድመው ጠፍተው ስለነበር ተመልካቹ እንደለመደው ኤሌክትሪክ የተቋረጠ መስሎት የስልኩን ባትሪ ማብራት ጀመረ። እኔም ምክንያቱን ሳላጣራ ማይክሮፎኑን አንስቼ «መብራት ነው፣ ጥቂት ታገሡን» አልኩ። በፊተኛው ረድፍ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ አንዲት እናት ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ መብራት ከሄደ ያንተ ድምፅ በምን ይሰማል? ፊልሙ አልቆም እንደሆነ ንገረንና እንነሣ» አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። «ይቅርታ እማማ፣ አጣርቼ እመለሳለሁ» ብዬ ወረድኩ፤ ነገር ግን ከሃያ አምስት ደቂቃ በላይ ወደ መድረኩ አልተመለስኩም።

ችግሩ የፕሮጀክተሩ ሙቀት ነበር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ በተለመደው ፍጥነት ሲዞር የውስጡን አምፖል በበቂ ሁኔታ ማቀዝቀዝ ይሳነዋል፤ በብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች ማስተካከያ ውስጥ ለከፍታ ቦታ የተዘጋጀ፣ ማራገቢያውን የሚያፈጥን ምርጫ ያለውም ለዚሁ ነው፤ በርካታ መመሪያዎች ከ1,500 ሜትር ጀምሮ እንዲበራ ያዝዛሉ። እኛ ግን ይህንን ምርጫ አልነካነውም። ዕቃው ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ እንዳይቃጠል ራሱን አጠፋ፤ ከመካከላችን አንዱ ደግሞ በድንጋጤ ሶኬቱን ነቀለው፤ ማራገቢያው መሽከርከሩን ስላቆመ አምፖሉ ቀዝቅዞ እንደገና እስኪበራ የጠበቅነው ጊዜ ይበልጥ ረዘመ። ከተማችን ከፍታ ላይ መሆኗን ከእኛ ከነዋሪዎቿ የተሻለ የሚያውቅ የለምና፣ የዚህ ጥፋት ኃላፊነት ከእኛ ከአስተናጋጆቹ ሊወርድ አይችልም።

ከዚያ በፊትም ሌላ ችግር ደርሶብን ነበር። ፊልሙ እንደተጀመረ ሙዚቃውና የመንገዱ ጫጫታ ጥርት ብለው ሲሰሙ የተዋንያኑ ንግግር ግን ጨርሶ አይሰማም ነበር። ምክንያቱ፣ በስድስት የድምፅ መስመር በተቀነባበረ ፊልም ውስጥ ንግግሩ በአመዛኙ በመካከለኛው መስመር ስለሚቀመጥና እኛ ላፕቶፑን ከግራና ከቀኝ ስፒከሮች ጋር ብቻ ስላገናኘነው፣ ስድስቱን መስመሮች ወደ ሁለት የሚያጠቃልለውን ማስተካከያም ስላላበራነው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙከራ አድርገናል፤ የሞከርነው ግን ከስልክ በተላለፈ የሙዚቃ ቪዲዮ ነበር። የሙዚቃ ቪዲዮው ሁለት መስመር ብቻ ስለነበረው እንከን አልታየበትም። የአማርኛው የትርጉም ጽሑፍም ላፕቶፑ ላይ የግዕዝ ፊደል በትክክል ስላልተጫነ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን እየሆነ ይወጣ ነበር፤ እንግሊዝኛ የማይሰማ ተመልካች ያን ያህል ደቂቃ ሳጥን ሲመለከት ቆየ። ፊልሙን ራሱን፣ በዚያው ላፕቶፕና በዚያው አዳራሽ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስቀድመን አይተነው ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ችግሮች ተመልካች ከመግባቱ በፊት ይታወቁ ነበር።

ዕቃ በየትኛውም አገር ይበላሻል፤ ለዚህ ማንም አይወቅሰንም። እኔን የሚቆጨኝ ዝምታው ነው። የወሎ ሰው ቡና ጠርቶ ፍሙ ቢጠፋበት እንግዳውን ጨለማ ውስጥ ትቶት አይሄድም፤ እሳቱ እስኪያያዝ ቁርሱን ያቀርባል፣ ያጫውታል፣ ቡናው እንደሚዘገይም ይነግረዋል። እኔም «ፕሮጀክተሩ ስለሞቀ ራሱን አጥፍቷል፤ እስኪቀዘቅዝ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከተቋረጠበት ትንሽ ወደ ኋላ መልሰን እንቀጥላለን» ብል ኖሮ፣ ከኮምቦልቻ የመጣው መመለሻውን ያስብ ነበር፣ ልጅ ቤት ትታ የመጣችውም ደውላ ትጠይቅ ነበር፣ መቆየት የፈለገው ደግሞ ይቆይ ነበር። የፊልሙ ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ እያለ ወደ መድረክ ጋብዘን ፊልሙን እንዴት እንደሠራው እንኳ አልጠየቅነውም። አምፖሎቹ ሲበሩ ግማሽ ያህሉ ወንበር ባዶ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን የጠፋውን ሰዓት ለማካካስ ፊልሙን ሃያ ደቂቃ ወደፊት አዝልለን መቀጠላችን ነው። ውሳኔውን የሰማሁት ከተፈጸመ በኋላ ቢሆንም መድረኩ የኔ ነበርና መቃወም ይገባኝ ነበር። ዳይሬክተሩ ምንም አልተናገረም፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ግን ወለሉን እንጂ ስክሪኑን አላየም። ከቀጣዩ ፊልም ጋር የነበረን ክፍተት አሥር ደቂቃ ብቻ መሆኑ ለዚህ ውሳኔ ዳርጎናል፤ መርሐ ግብር የሚያወጡ ሰዎች በሁለት ፊልሞች መካከል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዲተዉ እለምናለሁ። ፊልሙም በዕለቱ በፍላሽ ከሚደርሰን ይልቅ ከቀናት በፊት ቢላክልን፣ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይለይ፣ እንደ ትኬት መቁረጥ ባለ ሌላ ሥራ የማይጠመድ አንድ ሰው ቢመደብ፣ መድረክ መሪውም ምን እንደተፈጠረ ከዚህ ሰው በቀጥታ የሚሰማበት መንገድ ቢኖር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለአዘጋጆቹ የማቀርበው አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለ፤ ያ ፊልም ሳይቆራረጥ በዚያው አዳራሽ በነጻ እንደገና ይታይ። ያለ ክፍያ ለማስተናገድና ከቀትር ጀምሮ ሙከራውን ቆሜ ለማየት ፈቃደኛ ነኝ። በፊተኛው ረድፍ የነበሩትን እናት ስማቸውን ስላልጠየቅኋቸው ላገኛቸው አልቻልኩም፤ ይህን ጋዜጣ የሚያነብላቸው ሰው ቢኖር፣ መብራት እንዳልጠፋና ፊልሙም እንዳላለቀ፣ ይቅርታም እንደምጠይቃቸው ይንገርልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዚያ ምሽት መድረክ መሪ
ከደሴ