እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ (ለዚያ ሁሉ ውሃም ጭምር)

ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስለ ኦሲዲዬ (በግድ የሚመላለስ ሐሳብና እሱን ለማብረድ የሚደጋገም ድርጊት ያለበት የአእምሮ ሕመም ነው) ደግሜ አልዘረዝርም። እጄን አይታችኋል፣ በር ቆልፌ ከመንገድ ስመለስም አይታችኋል፣ ይበቃል። ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ የቤት አከራዬ። ስሜን እንዳትጽፊ ስላሉኝ እትዬ ብቻ ይሁኑ፤ ማራኪ ሰፈር ያላችሁ መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ጎንደር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ፣ አንዳንዴም ፈረቃው ራሱ እንደሚቀር ለእናንተ አልነግርም። እትዬ በጀሪካን ያጠራቀሙትን እኔ እጄን ስታጠብበት ከረምኩ። አንድ ቀን እንኳ ‹‹ውሃዬን ጨረሽብኝ›› አላሉም። ኧረ እኔ ብሆን እላለሁ!

ከውሃው የሚበልጥብኝ ግን መልስ መከልከላቸው ነው። ይሄ ምስጋና ነው ክስ እንዳትሉኝ። ኦሲዲ ያለበት ሰው ይጠይቃል። ‹‹በሩን ቆልፌዋለሁ አይደል?›› ‹‹ብርጭቆው ንጹሕ ነው አይደል?›› ‹‹ያን ክፉ ሐሳብ ያሰብኩት ፈልጌው ይሆን?›› መልሱ ለትንሽ ያሳርፋል፣ ከዚያ ጥያቄው ብሶበት ይመለሳል። ስለዚህ የሥነ ልቦና ባለሙያዬ እትዬን አስጠርታ ‹‹ከዛሬ ጀምሮ አይመልሱላት›› አለቻቸው። በማግሥቱ ስጠይቃቸው ‹‹እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ ነይ ቡናው ደርሷል›› አሉኝ። አለቀስኩ፣ ተቆጣሁም። አጠገቤ ተቀምጠው ጀርባዬን እያሻሹ አብረውኝ ቆዩ። መልሱን ግን ወይ ፍንክች!

ለራስ መራራት የሚባለውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም። ክሪስቲን ኔፍ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ሦስት ነገር ብላ ጽፋዋለች፦ ለራስ ደግ መሆን፣ ሌላውም ሰው እንደሚቸገር ማስታወስ፣ ስሜትን ሳያጋንኑም ሳይሸሹም ማየት። ጥሩ ነው። ግን በሕክምናው ከሚያስፈራሽ ነገር ጋር ስትጋፈጪ ወጥመድ አለው። ለራስሽ ‹‹አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም›› ካልሽ ያው ማረጋገጫ መፈለግ ነው፣ እጅ ከመታጠብ አይለይም። እትዬ ማንም ሳይነግራቸው ‹‹አይዞሽ፣ ከባድ ነው፣ እኔም አለሁ›› ነበር የሚሉኝ። ምንም አይደርስም ብለው አያውቁም። አሁን ብቻዬን ስሆን ለራሴ የምናገረው በእሳቸው ድምፅ ነው፣ ጎንደርኛው ሳይቀር።

ጥምቀት ዕለት ደግሞ... እዚህ ስደርስ እንባዬ ይቀድመኛል። በሕክምናው ከምጋፈጣቸው ነገሮች ዝርዝር አናት ላይ ፈርቼ የጻፍኩት ፋሲል መዋኛን ነበር። ከቀሃ ወንዝ የመጣ ውሃ፣ ስንቱ ወጣት የዘለለበት፣ ሕዝቡ ላይ የሚረጭ። ያ ሳያንስ የተባረከ ውሃ ተጸየፍሽ የሚል ሌላ ፍርሃት አለ። እትዬ ነጠላቸው በስብሶ እየሳቁ እጄን ያዙኝ። ቤት ስንገባ ወደ ባልዲው አልሄድኩም። ፍርሃቱ እስከ ማታ አልለቀቀኝም፣ ግን በዚያው እጄ እንጀራ ቆርሼ በላሁ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዬ ሆይ፣ አንቺንም አልረሳሁም። ይህ የሚያስፈራውን እየተጋፈጡ መታጠቡንና መጠየቁን የመተው ሕክምና ቪክተር ሜየር ለንደን ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1966 ከጻፈው የመጣ መሆኑን የነገርሽኝ ብቻዬን እንዳልሆንኩ እንዳውቅ ነው። የባጃጁን እጀታ፣ ቅዳሜ ገበያ የተቀበልነውን የተጨማደደ ብር ሁሉ መጀመሪያ አንቺ ትነኪው ነበር። መድኃኒቱን ያዘዘልኝ ዶክተር ‹‹ለኦሲዲ ከ8 እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ነው›› ባይለኝ በመጀመሪያው ወር እተወው ነበር።

የንስሐ አባቴ፣ ‹‹የተናዘዝሽውን ደግመሽ አታምጪብኝ፤ መድኃኒትሽንም እንዳታቋርጪ›› ስላሉኝ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት።

የመሥሪያ ቤት ልጆች፣ የማኅበራችን እናቶች፣ ደባርቅ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ ሁላችሁም ተባረኩልኝ። ስማችሁን ያልጠራሁ በማርያም ይቅር በሉኝ፤ የእትዬ ወሬ አላልቅ ብሎኝ ነው።

እትዬ፣ ልጅዎ ይህን እንዲያነብልዎት አደራ ብየዋለሁ። ከዚህ ወር ጀምሮ ጀሪካኖቹን የማስሞላው እኔ ነኝ። ለምን ብለው ቢጠይቁኝም አልመልስልዎትም።