የቆጣሪ ሒሳብ አወራረድ ለውጥ፦ ለዘገየ አቅራቢ መዘግየት ሊያዋጣው አይገባም

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፦

በብሪታኒያ የኤሌክትሪክ ገበያ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ እየተካሄደ ስላለው የቆጣሪ ሒሳብ አወራረድ ለውጥ በአማርኛ ሲጻፍ ብዙም አላየሁም። ጉዳዩ እዚህ የምንኖር አንባቢዎችዎን ኪስ የሚነካ ስለሆነ፣ በተለይ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጌም አቅራቢ ኩባንያዎች ቀነ ገደባቸውን እንዲጠብቁ ማድረግ ስለሚገባው ነገር ሐሳቤን እንዳካፍል ይፈቀድልኝ።

አቅራቢዎች ከጅምላ ገበያ የሚገዙት ኤሌክትሪክ ሒሳቡ የሚወራረደው በየግማሽ ሰዓቱ፣ በቀን 48 ጊዜ ነው። የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ግን የሚነበበው አልፎ አልፎ ስለነበረ፣ የችርቻሮ ገበያው ለውድድር ከተከፈተበት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የእያንዳንዱ ቤት የግማሽ ሰዓት ፍጆታ የሚገመተው ደንበኞችን በስምንት ምድብ ከፍሎ በሚሠራ አማካይ ስሌት ነው። ስማርት ቆጣሪ ያስገባ ቤት እንኳ፣ ቆጣሪው እውነተኛውን ፍጆታ እየመዘገበለት፣ በአብዛኛው በዚሁ ግምት ሲታሰብ ቆይቷል። ኦፍጌም ይህ ቀርቶ የእያንዳንዱ ቤት ሒሳብ በየግማሽ ሰዓቱ በተመዘገበው እውነተኛ ፍጆታ እንዲወራረድ በኤፕሪል 2021 ወሰነ፤ ለውጡም እስከ 2045 ድረስ ለተጠቃሚዎች ከ1.6 እስከ 4.5 ቢሊዮን ፓውንድ የተጣራ ጥቅም እንደሚያስገኝ ገመተ። ሥራው በኦክቶበር 2025 እንዲጠናቀቅ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ ያ ወር ከ30 ሚሊዮን የሚበልጡት ቆጣሪዎች ወደ አዲሱ ሥርዓት መዛወር የሚጀምሩበት ሆነ፤ ማብቂያውም ወደ ሜይ 2027 ተገፋ።

አንዳንድ አቅራቢ ለምን እንደማይቸኩል ለመረዳት የአማካዩን ስሌት ውጤት ማየት ይበቃል። ደንበኞቹ ኤሌክትሪክ በሚወደድበት የምሽት ሰዓት አብዝተው የሚጠቀሙ ኩባንያ፣ ሒሳቡ በአማካይ ስለሚሠራለት፣ የወጪው ከፊል በሌሎች ትከሻ ላይ ያርፍለታል፤ ደንበኞቹ ሌሊት መኪናቸውን የሚሞሉ ኩባንያ ደግሞ ያልተጠቀሙበትን ውድ ኤሌክትሪክ ይከፍላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ኩባንያ እያንዳንዱ የመዘግየት ወር ትርፍ ነው፤ የኮምፒዩተር ሥርዓቱን መለወጥ ግን ዛሬውኑ የሚወጣ ወጪ ነው። ከ2018 ወዲህ በራሳቸው ፈቃድ በግማሽ ሰዓት የሚለዋወጥ ዋጋ ያቀረቡ ኩባንያዎች አሉ። የቀሩት ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ምን ያህል ኃይል እንደሚስብ የሚያውቅ ቤተሰብ የእንጀራ ጋገራውን ወደ ርካሹ ሰዓት ቢያዛውር እነርሱ የሚያተርፉት ስለሌለ፣ ለዚያ ቤተሰብ ቅናሽ የሚያቀርቡበት ምክንያት የላቸውም።

ኦፍጌም የሕግ ሥልጣን አያንሰውም፤ የኩባንያን ዓመታዊ ሽያጭ እስከ 10 በመቶ ድረስ መቅጣት ይችላል። የሚያንሰው ጊዜውና መጠኑ ነው። ኢ.ኦን የንግድ ደንበኞቹን ቆጣሪዎች እስከ ኤፕሪል 2014 ባለመቀየሩ 7 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍል የተደረገው በ2015 መጨረሻ ገደማ ነው። የ2022ን የስማርት ቆጣሪ ግብ ያልደረሱ ስድስት አቅራቢዎችም በ2023 በድምሩ 10.8 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈሉ፤ ይህ ለስድስት ሲካፈል፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ደንበኞች ላሉት ኩባንያ መዘግየቱን የሚያስቆጭ ገንዘብ አይመስለኝም።

እኔ የምደግፈው በየወሩ የሚታሰብ ክፍያ ነው። እያንዳንዱ አቅራቢ ራሱ በተስማማበት የዝውውር መርሐ ግብር መሠረት ማዛወር ሲገባው ላላዛወረው ለእያንዳንዱ ቆጣሪ ይክፈል፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ በጊዜው ለፈጸሙት ኩባንያዎች ይከፋፈል። ምክንያቴም ግልጽ ነው፤ አቅራቢዎች ለገዙት ኤሌክትሪክ የሚደረገውን የመጨረሻ የሒሳብ ማስተካከያ ከ14 ወር ወደ 4 ወር የሚያሳጥረው የጊዜ ሰሌዳ የሚጀምረው ዝውውሩ ሲያልቅ በመሆኑ፣ አንድ ዘገምተኛ ኩባንያ የሁሉንም ገንዘብ አስይዞ ያቆያል። ክፍያው ኦፍጌም ከ2019 ጀምሮ ለቤት ተጠቃሚዎች በሚያወጣው የዋጋ ጣሪያ ስሌት ውስጥ እንደ ወጪ እንዳይቆጠር በግልጽ መደንገግ አለበት፤ አለበለዚያ ቅጣቱን የምንከፍለው እኛው ደንበኞች ነን። ይህም ካልበቃ፣ ኦፍጌም በ2015 የደንበኞችን አቤቱታ ባለመፍታቱ ስኮቲሽ ፓወርን ለ12 ቀናት ከሽያጭ ቅስቀሳ እንዳገደው ሁሉ፣ የዘገየውን ኩባንያ አዲስ ደንበኛ እንዳይቀበል ማገድ ይቻላል።

እርግጥ ነው፣ እስካሁን የተገፋው ቀን ሁሉ የአቅራቢዎች ጥፋት አይደለም። መዘግየቱ ፕሮግራሙን በሚመራው በኤሌክሶን ማዕከላዊ ሥርዓት ወይም በሌላ አካል ምክንያት ሲሆን ክፍያው ሊነሳ ይገባል። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ቁጥር ለማሟላት ሲባል የተሳሳተ መረጃ የያዙ ቆጣሪዎች በጥድፊያ እንዳይዛወሩ ነው፤ ስለዚህ ተዛወረ የሚባለው፣ ከተዛወረ በኋላ ትክክለኛ ንባብ ያቀረበ ቆጣሪ ብቻ ይሁን። ኦፍጌምም የእያንዳንዱን ኩባንያ የዝውውር አፈጻጸም በየወሩ በስም ለይቶ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢዎ፣ ከለንደን