ጣርማ በርን ስትወርጂ

ደብረ ሲና፣ ኅዳር 12

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

ወረቀት የያዝኩት ያን ቀን በስልክ የጠየቅሽኝ ነገር በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። መስመሩም እየተቆራረጠ ግማሹን አልሰማሁም። የሰማሁት ይሄ ነው፦ ከአንድ ወደ አገሩ ከተመለሰ ፈረንጅ የገዛሽው መኝታ ያለው የካምፕ ተሳቢ ዕቃና ውሃ ሲጫንበት 1,300 ኪሎ ይሆናል። በፒክአፕሽ እየጎተትሽ እንግዶች ወደ መንዝ ጓሳ ልትወስጂበት፣ ከዚያም በእኛ በኩል ወርደሽ በሸዋ ሮቢት አድርገሽ ወደ ወሎ ልትዘልቂ አስበሻል። መጎተቻውን አንድ በያጅ ከኋላ መከላከያው ላይ በይዶ በአንድ ቀን እንደሚያስረክብሽ ነግሮሻል። ስለ ፍሬኑ ስትጠይቂው ደግሞ "መኪናሽ ጉልበተኛ ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል" አለሽ።

ጉልበት ለዳገት ነው። እኔ እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ በአሰብ መንገድ ተሳቢ ስጎትት ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን ዳገት አስፈርቶኝ አያውቅም። ዳገት ቢከፋ ያቆምሻል። ቁልቁለት ግን አያቆምሽም።

አንድ ነሐሴ ላይ ቡና ጭኜ ከጣርማ በር የመንገድ ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ጉሙ ከፊት መብራቴ አልፎ አያሳይም ነበር። ጋራዥ ገብቶ የወጣው ተሳቢ ፍሬኑ በደንብ አልተስተካከለም፤ እኔም ሳልፈትሸው ተነሳሁ። ስለዚህ የሁለቱን ክብደት የያዘው የዋናው መኪና ፍሬን ብቻ ነው። መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፤ የፍሬን ሸራ ሲቃጠል የጸጉርና የጎማ ቃጠሎ የተቀላቀለ ይመስላል። ቀጥሎ ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ መኪናው ግን አይሰማኝም። በተራራው በኩል ካለው ቦይ አስገብቼ ጎኑን ከአፈሩ ጋር እያፋተግሁ አቆምኩት። ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ታኮ ጣለ፣ ከዚያ ጀሪካን ይዞ የፍሬኑ ከበሮ ላይ ውሃ ሊያፈስ ሲል ጮኼ አስቆምኩት። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስ ይሰነጠቃል። ከአንድ ሰዓት በላይ ቁጭ ብለን አበረድነው። ለእናትሽ ይህን የነገርኳት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፣ አንቺም አታንሺባት።

የወንድምሽ ልጅ ባለፈው እሁድ በደብተሩ አስልቶልኝ ነበር። ከዋሻው አፍ እስከ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,800 ሜትር ትወርጃለሽ። የአንቺ ተሳቢ ክብደት ብቻ በዚህ ቁልቁለት የሚያወጣው ኃይል የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሲጋገርበት የሚበላውን ያህል ነው። ከፊሉን ንፋስና ጎማ ይወስደዋል፣ ሌላውን ሞተሩ ካልያዘው የሚቀበለው ፍሬን ነው። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው ያ ሁሉ ሙቀት የፒክአፕሽ አራት ጎማ ላይ ነው የሚያርፈው። ለነገሩ አውሮፓም አውስትራሊያም ከ750 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተሳቢ ያለ ፍሬን አይጎተትም። የመኪናሽን መጽሐፍ ግለጪው፤ ፍሬን ላለው ተሳቢና ለሌለው የተጻፈው የመጎተት ልክ የተለያየ ነው። ያ በያጅ የነገረሽ የትኛውን እንደሆነ ጠይቂልኝ።

አሁን ተሳቢሽ ላይ ያለው ፍሬን፣ በላክሽልኝ ፎቶ እንዳየሁት፣ በግፊት የሚሠራው ነው። መኪናሽ ሲቀንስ ተሳቢው ከኋላ ይገፋል፣ የመጎተቻው ጫፍ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እሱም ሽቦ ስቦ ፍሬኑን ያስይዛል። ሽቦ እንጂ ኤሌክትሪክ የለውም፣ ከመኪናሽ ምንም አይፈልግም፤ ለሜዳ አገር ጥሩ ነው። ጣርማ በር ላይ ግን በሁለተኛ ማርሽ ሞተር አስይዘሽ ስትወርጂ ተሳቢው ከላይ እስከ ታች ሳያቋርጥ ይገፋሻል። ስለዚህ ፍሬኑ ከላይ እስከ ታች እንደተያዘ ይወርዳል። አንቺ ልልቀቀው ብትይ መልቀቂያ የለሽም። አሮጌው ዓይነት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ስትገፊው ግፊት መስሎት ይቆልፋል፣ ወርደሽ በእጅ መክፈት አለብሽ። ወደ መሐል ሜዳ ከተማ በሚወስደው መንገድ አውቶቡስ ሲመጣብሽ ይህን አስቢ።

እኔ ብሆን የኤሌክትሪክ ፍሬን አስገባበታለሁ። በ12 ቮልት ይሠራል፤ ከበሮው ውስጥ ያለ ማግኔት ሸራውን ይከፍተዋል፣ ከመሪው አጠገብ የምትገጠም ትንሽ ሳጥን ምን ያህል እንዲይዝ ታዛለች። ከሳጥኑ ሁለት ዓይነት አለ፦ አንዱ ፔዳሉን ስትነኪ ጊዜ ቆጥሮ እያጠነከረ ይይዛል፣ ሌላው መኪናሽ የቀነሰውን ያህል መዝኖ ያንኑ ያህል ይይዛል። ሁለተኛውን ግዢ፣ ልዩነቱን ቁልቁለት ላይ ታውቂዋለሽ። ሁለቱም ላይ በጣት የምትገፊ ዘንግ አለች፣ ተሳቢውን ብቻ የምትይዝ። የእኛ መኪናዎችም ለተሳቢው ብቻ የሚሆን የእጅ ፍሬን ነበራቸው። ተሳቢው ጭራውን መወዛወዝ ሲጀምር የመኪናውን ፍሬን አትርገጪ፣ ነዳጁን ለቀቅ አድርገሽ ተሳቢውን ብቻ በዚያች ዘንግ ያዢው፤ ይወጠርና ይሰክናል።

ስታስተካክዪው ሜዳ አስፋልት ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ሄደሽ ዘንጓን ሙሉ ግፊያት። ጎማው ከተቆለፈ ልኩን ቀንሺ፣ ሊቆለፍ ጥቂት ሲቀረው እዚያ ተዪው። በየጠዋቱ ከመነሳትሽ በፊት ደግሞ ቀስ ብለሽ እየሄድሽ አንዴ ሞክሪያት። የመንዝ አቧራ የተሳቢውን ኤሌክትሪክ ከመኪናሽ የሚያገናኘውን ሶኬት እግሮች ይበላቸዋል።

መጎተቻውን በተመለከተ መከላከያ ላይ ብየዳ አይሆንም፣ ይህን አልከራከርበትም። ከሻንሲው፣ ከመኪናው ዋና የብረት አካል ጋር፣ በጠንካራ ብሎንና ዳዶ ይታሰር። የተሳቢው አፍ የሚቀመጥበትን የመጎተቻውን የብረት ኳስም በሜትር ለኪው። የፈረንጁ ተሳቢ የአውሮፓ ከሆነ አፉ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ገበያ ላይ በብዛት የምታገኚው ባለ 2 ኢንች የአሜሪካ ኳስ 50.8 ነው። በዓይን አንድ ናቸው፤ ግን በመዶሻ የሚገባ ኳስ ወይም ገብቶ የሚንቀጠቀጥ ኳስ መንገድ ላይ ይፈታል። ከጣርማ በር ወደ መንዝ ታጥፈሽ ስትዘልቂ ደግሞ ኳስ ብቻውን አይበቃም እላለሁ። ድንጋያማ መንገድ ላይ መኪናው ወዲህ ተሳቢው ወዲያ ሲጋደል ኳሱ ወሰኑ ላይ ይደርሳል። በሦስቱም አቅጣጫ የሚዞር፣ በፒን የሚቆለፍ መጎተቻ አለ፤ ዋጋው ይከብዳል፣ ከቻልሽ እሱን።

ጫፉ ኳሱ ላይ የሚጥለው ክብደት ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ያህል ይሁን፣ ለአንቺ 130 ኪሎ ገደማ። ኳሱና መኪናሽ ይህን መሸከማቸውን ግን መጀመሪያ አረጋግጪ። ለመለካት ጋራዥ አያስፈልግሽም፤ የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ የፊት እግሩን አሳርፊው። ቀለል ካለ ጭራው መወዛወዝ ይጀምራል። የውሃ ጋኑ ከጎማው በስተኋላ ከሆነ እንደሞላ ለኪ፣ ባዶውንም ለኪ።

ሰንሰለት ሁለት፣ ከሥር ተሻግረው፣ ጫፉ ቢወድቅ አስፋልት ሳይነካ እንዲያቅፉት። ተሳቢው ቢገነጠል ፍሬኑን በራሱ የምታስይዝ ገመድና ትንሽ ባትሪ አለች፤ ገመዷን ከሻንሲው እሰሪያት እንጂ ከኳሱ ጋር አይደለም። ኳሱ ቢነቀል አብራው ትሄዳለችና።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፦ ዋሻው አካባቢ ፔዳሉ ጠንክሮ ከተሰማሽ አትደንግጪ። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የፍሬኑ አጋዥ ጉልበቱ ይቀንሳል። ማርሹን ግን ዋሻው ውስጥ ሳትገቢ ቀንሺ።

ቅዳሜ ከመጣሽ ከሰዓት በፊት ይሁን፣ ከሰዓት ጉም ይወርዳል። ከወይራ ሁለት ታኮ አስጠርቤልሻለሁ፣ በረንዳው ላይ ነው ያለው። እናትሽ ብርድ ልብሱን ምን ያህል ልላክላት ትላለች።

አባትሽ